ከፊት የወጣ ይሸነፋል

ሰኞ

ሁለት ጥርስ አጣሁ። አንዱ እዚያው አሸዋው ላይ ወደቀ። ሌላውን ቤት ደርሼ በምላሴ ስገፋው ወጣ። እማ በጨው ውኃ አጉመጠመጠችኝና ጥርሱን በጨርቅ ቋጥራ አስቀመጠችው። ምን ልታደርገው እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ጥፋቴ አንድ ነው፤ ቀደምኩ። ማሬሻሎውን፣ የጣልያኖቹን ባለማዕረግ፣ በብስክሌት በጎማ ስፋት ያህል ቀደምኩት፤ ያውም ሰፈሩ ሙሉ ጣልያን እያየ። አንዱ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ ሳያስበው አጨበጨበና እሱም ከኔ ጋር ተገረፈ። የካምፑ አዛዥ ካፒቴኑ ግርፋቱን ለሌላ አይተውም፣ በገዛ እጁ ነው። መጀመሪያ በአለንጋ፣ ክንዱ ሲዝል በጫማ። ጥርሴ የሄደው በጫማው ነው።

ማሬሻሎው አልነካኝም። እኔ መሬት ላይ ተደፍቼ ስረገጥ እሱ ብስክሌቴን አንስቶ ጎማዋን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ነፋሷን ይመረምር ነበር። እኛ የሮቢት ሰዎች "ባለ ጭኑ" ነው የምንለው፤ ጭኑ የሌላ ሰው ወገብ ያህላል። አገሩ ሳለ የአጭር ርቀት ብስክሌት ሻምፒዮን ነበር፣ ፓሪስ ድረስ ሄዶ ያሸነፈ። አሁን የካምፑን መኪና ይጠግናል። አውሮፕላን ማረፊያው ዳር ክብ ሜዳ አስደልድሎ በየቀኑ ይዞርበታል። ኩርባዎቹን አፈር ተሸክመው ከፍ ያደረጉለት እስረኞች ናቸው።

እኔም በድሬዳዋ ዘመኔ ስም ነበረኝ። ግሪኩ ብስክሌት ቤት እየሠራሁ ግሪኩንም፣ አርመኑንም፣ የባቡሩን ፈረንሳዮችም በየተራ ቀድሜያለሁ። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ አገሬ ገባሁ፤ ዝናዬ ግን ቀድሞኝ ገብቶ ኖሯል። ማሬሻሎው የሚለማመድበት ሰው ሲፈልግ ከቤቴ አስጠርተው ወሰዱኝ። ጥቁር ከነጭ ጋር እንዳይወዳደር ሕግ ስላላቸው ውድድር አይሉትም፣ "ልምምድ" ነው የሚሉት። በልምምድ ጥርስ ይወልቃል።

ላለመቅደም ምክንያት ነበረኝ። ወንድሜ ጋሽ ከማል ካምፑ ውስጥ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ታስሯል። በቅሎ ላይ ከጫነው የጥጥ ጆንያ ውስጥ ጥይት አገኙበት። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ድሬዳዋም የላከኝ እሱ ነው። ይህን እያወቅኩ ለምን ቀደምኩ? እግሬ ነው። እግር ወንድም የለውም።

ማክሰኞ

ፊቴ አብጦ ግራ ዓይኔ አይከፈትም። እማ ግን "ተነስ፣ እግራቸው ሥር ወድቀን እንለምናለን" ብላ ካምፕ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ተንበረከከች። እናቴን ከሶላት በቀር ተንበርክካ አይቻት አላውቅም።

ካፒቴኑ ካናቴራ ለብሶ እየተላጨ አነጋገረን። አስተርጓሚው የደሴ ሰው ነው፤ ክፉ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ልማዱ ነው። "እሑድ ኮሎኔሉ ከደብረ ብርሃን ይመጣል። ማሬሻሎው አገሩ ተመልሶ እንዲወዳደር የሚፈቅድለት እሱ ነው። አንተ ትሸነፋለህ፤ ግን እንደታመመ አህያ እየተጎተትክ አይደለም፣ ድሉ ማማር አለበት። ካማረ ወንድምህ ጣርማ በር ሄዶ የመንገዱ ዋሻ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል። ካላማረ ገበያ መሀል ይሰቀላል።"

እማ እጁን ሳመች፣ የመላጫው አረፋ ከንፈሯ ላይ ቀረ። እኔ "ወንድሜን ልየው" አልኩ። "እሑድ" አለ።

ስንወጣ ማሬሻሎው ከጋራዡ ጠራኝ። የምንግባባው በፈረንሳይኛ ነው። እሱ ፓሪስ ሲወዳደር፣ እኔ ድሬዳዋ ሱቅ ውስጥ የለቀምነው ነው፤ ሁለቱም ስብርብር ስለሆነ ይገጥማል። "ያሉህን ሰምቻለሁ" አለኝ። "ዕድሜዬ እየሄደ ነው። እግሬ አሁንም እንዳለ ማወቅ አለብኝ። ብትለቅልኝ ይገባኛል፣ ብትለቅልኝ እገልሃለሁ።" የቀልዱን መስሎኝ ፈገግ ስል በያዘው መፍቻ ትከሻዬ ላይ አሳረፈብኝ። አጥንት የሚሰብር አልነበረም፤ እንዳልረሳው ያህል ነው።

እንግዲህ ካሸነፍኩ ጋሽ ከማል ይሰቀላል፣ ከለቀቅኩ እኔ እሞታለሁ። እማ ይህ አይገባትም። "ምኑ ነው የጨነቀህ? ተሸነፍ ነው እኮ ያሉህ፣ ማን ይሳነዋል?" ትላለች።

ሐሙስ

ትናንት ከጀውሃ ወንዝ ማዶ ያለውን መንደር አቃጠሉት። ጭሱ እዚህ ድረስ መጥቶ ዓይን ያቃጥል ነበር። የአጎቴ የይመር ቤት ከነበሬዎቻቸው ነደደ። በሬዎቹ ሲጮሁ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር አሉ። የጎረቤታቸውን ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ተኩሰው ጣሏቸው፣ ለመቅበርም ከለከሉ። አጎቴ ጠመንጃቸውን ይዘው ዱር ገብተዋል።

እኔ በዚህ ሁሉ መሀል ስለ ብስክሌት አስባለሁ። ምን ላድርግ፣ የወንድሜ አንገት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ዘዴውን ግን አገኘሁት። ይህ ውድድር ሦስት ዙር ነው። ሰው የማያውቀው፣ የመጀመሪያዎቹ ሩጫ አለመሆናቸውን ነው። ቀስ እያልን ነው የምንዞረው፣ እንደ ሙሽራ። ከፊት የወጣ ነፋሱን ብቻውን ይገፋል፤ ከኋላ ያለው በጀርባው ተጠልሎ ጉልበቱን ያጠራቅምና መጨረሻ ላይ ወጥቶ ይቀድመዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። ስለዚህ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ከፊት ለማስወጣት ይታገላሉ። ጭራሽ ጎማችንን አቁመን፣ እግር ሳናወርድ፣ ብስክሌቱ ላይ ቀጥ የምንልበት ጊዜ አለ።

ያን ጊዜ ደግሞ አፍ ይሠራል። ድሬዳዋ ሳለሁ "ጎማህ ተንፍሷል" እል ነበር። አርመኑ ቁልቁል ሲያይ እኔ የለሁም። ግሪኩን "ሚስትህ ከማን ጋር ነው የቆመችው?" ብዬ አንገቱን አስዙሬው ሄጃለሁ። ማንም አይቀየምም። እዚያ ላይ የሚነገር ሁሉ ውሸት ነው፣ የሙያው ወግ ነው።

እንግዲህ እሑድ ከመነሻው ከፊት እወጣለሁ። ጉልበቴን ሳልሰስት እነዳለሁ። እሱ በጀርባዬ ተጠልሎ ይቆይና የመስመሩ አፍ ላይ ይቀድመኛል፤ ከልቡ፣ ያለ ምንም ሐሰት። መፍቻ የሚያነሳበት ምክንያት አይኖረውም። የኛም ሰው ፈረንጁን አስከትዬ ስዞር ያየኛል። አጎቴ ይመር ባለፈው ልምምዱን አይተው "እንደ አሽከር ከኋላ ከኋላው ትላለህ፣ አታፍርም?" ብለውኝ ነበር። እዚያ ቢገኙ ደስ ይላቸው ነበር።

እሑድ

ውድድሩ አልቋል።

ሰዉን በሰደፍ እየነዱ አምጥተው ክቡን አስከበቡት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኮሎኔሉ ድንኳን ሥር ተቀምጧል፣ ካፒቴኑ ከጎኑ። የጀርባዬ ቁስል ከሸሚዜ ጋር ተጣብቆ ባጎነበስኩ ቁጥር ይላጥ ነበር።

እንዳሰብኩት ከፊት ወጣሁ። ባለ ጭኑ ግን አልተከተለኝም። ገና በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትቼው ብሄድ ርቄ አሸንፋለሁ፣ ጋሽ ከማል ይሰቀላል። እኔም ቆምኩ። ፍሬን የለንም፤ የነዚህ ብስክሌቶች ፔዳል ከጎማው ጋር ነው የሚዞረው፣ የሚያቆመን እግራችን ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ደረሰብኝና ጎን ለጎን፣ ክንድ ለክንድ ሆነን ቆምን። ላባችን ጠብ ጠብ ይላል።

ረዘመ። ሰዉ መጀመሪያ የደከመን መሰለው። ከዚያ አንዲት አሮጊት "ኧረ አስቀድመው ሙሄ፣ እንግዳ አይደል!" አለችኝ። እውነትም ሰርግ ቤት በር ላይ እንደተገናኙ አማቾች "ቅደም"፣ "ወላሂ አንተ ሳትገባ አልገባም" የምንባባል ነበር የምንመስለው። አንዱ ሳቀ። ሌላው "ቢስሚላህ በልና ቅደም ባለ ጭኑ!" ሲል ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። መንደሩ ከነደደ ወዲህ ማንም ስቆ አያውቅም። ካፒቴኑ ተነሳና እጁን ወደ አስካሪዎቹ አወናጨፈ። ሰደፍ በራስ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ አለ፣ እሱን ሰማሁ። አሮጊቷ ስትወድቅ በዓይኔ ጠርዝ አየኋት። ሳቁ ጠፋ።

ያን ጊዜ ማሬሻሎው ዓይኑን ከጎማዬ ሳይነቅል ተናገረ። "ወንድምህ ሞቷል። ሐሙስ ገደሉት፤ ካፒቴኑ ራሱ፣ ከጋራዤ ጀርባ። የምትፈራው ነገር የለህም። አሁን ንዳ።"

አየሁት። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ይህማ የኔ ዘዴ ነው፣ አልኩ በልቤ። ግሪኩን በሚስቱ አስዙሬዋለሁ፣ ይኼ ደግሞ በወንድሜ። ጠላሁት። ግን ውሸትን በውሸት ነው የሚመልሱት።

"ጎማህ ተንፍሷል" አልኩት።

ቁልቁል አላየም። "እውነቴን ነው" አለ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።

ትቼው ወጣሁ። እሱም ጎኔ ስለነበር ወዲያው ጀርባዬ ገባ፣ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የቀረውን በሙሉ ከፊት ሆኜ፣ ሳንባዬ እስኪቀደድ ነዳሁ። በመጨረሻው ኩርባ ከላይ ወረደብኝ፣ በክንዱ ጎኔን ደቃኝ፣ እኔም በትከሻዬ መለስኩለት። መስመሩ ላይ በግማሽ ጎማ ቀደመኝ። ኮሎኔሉ ቆሞ አጨበጨበ። ማሬሻሎው እጁን አላነሳም። ዞሮ መጣና እግሬ ሥር ተፋ።

ካፒቴኑ በአስተርጓሚው በኩል "አምሯል፤ ነገ ጠዋት ወንድምህን ውሰድ" አለኝ። ጣርማ በር አይደለም፣ ቤቱ! እማ ካፒቴኑን አመስግና ተመለሰች፤ ከጎረቤትም ፍየል ተበድራ በራችን ላይ አስራለች። ዱዓዋን ስትጨርስ ፊቴን ዳበሰችኝ። ያበጠው ፊቴ እንኳ ደስ አለው።

ሰኞ

በሸራ ጠቅልለው ሰጡን።

"ካፒቴኑ ቃሉን ጠብቋል፣ ውሰዱት ብሏል" አለ አስተርጓሚው። ይህን ሲል እኔን አላየም፣ ድምፁንም ከልማዱ በላይ ዝቅ አደረገ። አስካሪዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ነበር።

እጁ በሽቦ ታስሯል። እማ ሽቦውን በማንም አላስነካችም፤ ጣቷ እየደማ በራሷ ፈታችው። ጥይቱ ከጆሮው ኋላ ገብቶ በጉንጩ ወጥቷል። ሲያጥቡት የነበሩት ሸህ "ይህ የዛሬ ሬሳ አይደለም፣ የትናንትም አይደለም" አሉ። ማጠቡም አልሆነላቸውም፣ ቆዳው ይከተላል። በከፈን ላይ ከፈን ጠቀለሉትና ሰገድንበት፣ ቀበርነው። ፍየሉ በሩ ላይ ሲጮህ ዋለ።

እውነቱን ነበር የነገረኝ። ሐሙስ ብሎኛል፣ ሐሙስ ነው። ያ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ ተነግሮ የማያውቅ እውነት ነገረኝ፣ እኔ በጎማ ውሸት መለስኩለት። ሌባ እናት ልጇን አታምንም የሚሉት ይህን ነው። ባምነው ኖሮ ከማል አይነሳም፣ አውቃለሁ። ግን ለሬሳ አልሸነፍም ነበር። በገዳዩ ፊት ጉልበቴን ጨርሼ ድሉን አላሳምርለትም ነበር። እናቴ ገዳዩን አመስግና አትመለስም ነበር።

ብስክሌቴን በድንጋይ ልከሰክሳት አነሳሁ። አልከሰከስኳትም። ታስፈልገኛለች።

ረቡዕ

እማን ማጀቴ ወደሚኖሩ ዘመዶቻችን ላክኋት። "አንተስ?" አለችኝ። "እመጣለሁ" አልኳት። አላመነችኝም፤ ቢሆንም ሄደች።

ከዚያ ወደ ቆላው ወርጄ አጎቴ ይመርን አገኘኋቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ልብሳቸው ጭስ ጭስ ይላል። ከሳቸው ጋር ያሉት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ጥይታቸውም ጥቂት ነው። የሚያውቁትን ነገሩኝ። ማሬሻሎው አሁንም በየጠዋቱ መንገዱ ላይ ይነዳል። ካፒቴኑ በክፍት መኪናው ይከተለዋል፣ ሰዓት ይይዝለታል። ትልቁ የሮቃ ዛፍ ጋ ሲደርሱ ይመለሳሉ። ከሮቃው ወዲህ ሜዳ ነው፣ መሸሸጊያ የለም። ከሮቃው ወዲያ፣ ጀውሃ ድልድይ ሳይደረስ፣ ኩርባ አለ።

"እዚያ ድረስ አምጣልን፣ ሌላ ምንም አንልህም" አሉኝ።

"ይመጣል" አልኩ። "ከፊቱ ጎማ ካየ ባለ ጭኑ አይመለስም። እሱ ከመጣ መኪናው ይከተላል። ግን አጎቴ፣ እኔ የምፈልገው ካፒቴኑን ነው። ያኛው እውነቱን ነግሮኛል።"

"እውነት የተናገረ ጣልያን ምኑ ነው? ሀበሻ ሆነ?"

"አይ።"

"እንግዲያው ጥይት ስም አይጠይቅም" አሉና ጠመንጃቸውን መወልወል ቀጠሉ።

ዓርብ

ግራር ሥር ሆኜ ነው የምጽፈው። ልብሴ ላይ ያለው ደም የኔ አይደለም።

ጠዋት ከቁጥቋጦው ወጥቼ ከፊቱ መንገዱ ላይ ገባሁ። የጎማው ድምፅ ከኋላዬ ሲፈጥን ሰማሁ። ዞር ብዬ አላየሁም፣ ማየት አያስፈልግም፤ ትንፋሹን አውቀዋለሁ። መኪናው ጥሩምባ ነፋ፣ ካፒቴኑ የሆነ ነገር ጮኸ። የሮቃውን ዛፍ አለፍን። ባለ ጭኑ አልተመለሰም። መኪናውም አልተመለሰም።

ኩርባው ሲታየኝ ቀስ አልኩ። ጎኔ መጣ። እሱም ቀስ አለ፤ እንደ እሑዱ፣ ክንድ ለክንድ። መኪናው ገና ራቅ ብሎ ነበር። ነገርኩት። "ከኩርባው ጀርባ ሰዎች አድፍጠዋል። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። አንተ ወደ ማሽላው ግባ፣ መኪናው ይለፍ።"

አየኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

"ጎማህ ተንፍሷል" አለኝ።

ከዚያ ተነሳና ፔዳሉን ረገጠ። ሰው እንደዚያ ሲነዳ አይቼ አላውቅም። ያ ብስክሌት ከሥሩ የሚሰበር ነበር የመሰለኝ። ድሬዳዋ ላይ ያየኋቸው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ከሱ ጋር ስንተያይ ልጆች ነን። እግሩ እንዳለ ማወቅ ፈልጎ ነበር፤ አለ። ኩርባውን ታጥፎ ጠፋ፣ ብረት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ፍሬን የለውም።

ብስክሌቴን ጥዬ ማሽላው ውስጥ ገባሁ። መኪናው አልፎኝ ወደ ኩርባው ገባ። የመጀመሪያው ተኩስ ሹፌሩን አገኘው፣ መኪናው ቦዩ ውስጥ ተገለበጠ። ከኋላ የነበረው ወታደር እየጮኸ ሲሮጥ መሀል መንገድ ላይ ጣሉት። ካፒቴኑ ከመኪናው ሥር በደረቱ እየተሳበ ሲወጣ አጎቴ ይመር ቆመው ጠበቁት። አለንጋው ቀበቶው ላይ ነበር። አጎቴ ጥይት አላባከኑበትም፤ በጎራዴ ነው። አንዴ አይደለም። ፊቴን አላዞርኩም። ላዞር ያሰብኩ ጊዜ ሽቦው ትዝ አለኝ።

ማሬሻሎው ከድንጋዩ ማዶ ተጥሏል። የጭኑ አጥንት ሥጋውን ቀዶ ወጥቷል። ያ ጭን! ዓይኑ ክፍት ነው። አጠገቡ ቁጭ ስል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

"እውነትህን ነበር?"

"አዎ" አልኩት። "አንተም እውነትህን ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። ከኛ ሰዎች አንዱ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁ። "አጎቴ፣ ይተዉት ይበሉት" አልኩ። አጎቴ እግሩን አይተው፣ እኔን አይተው፣ "ተወው" አሉት። የውኃ ኮዳውን ከብስክሌቱ ፈትቼ እጁ ውስጥ አደረግኩለትና ሄድን። ከኋላችን የካምፑ ከባድ መኪናዎች ሲመጡ ይሰማ ነበር። ደርሰውለት እንደሆን አላውቅም። ቢደርሱለትም ብስክሌት አይነዳም፤ መተዋችን ምሕረት ይሁን ሌላ ነገር፣ እሱንም አላውቅም።

ካፒቴኑ ሞቷል። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ለእማ ማጀቴ ሰው ልኬላታለሁ። አንድ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ አልለቅ ብሎኛል። የነገርኩት እንዲድን ብዬ ነው። ነው። ግን እንደማያምነኝም አውቅ ነበር፤ ከኔ ይበልጥ ይህን ማን ያውቃል? ሳልነግረው ዝም ብል ኖሮ ምናልባት እዚያው ጎኔ ቀስ እያለ ይቆይ ነበር።

አጎቴ ይመር ተነሱ እያሉ ነው። መንገዱን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ "ከፊት ሁን" ይሉኛል። ከፊት መሆን አልወድም። ተነሳሁ።